ዓሣውን የሚቀልበው ማነው? - የሚንቀሳቀሱ ዎልፔፐሮች አጭር ታሪክ

ኢንተርኔት ቤት ገብቶ በደቂቃ 25 ሳንቲም መክፈል ወግ በነበረበት ጊዜ ነው። ታላቅ እህቴ «እስኪ ዲቪዬን ሙላልኝ» ብላ ፎቶዋን በፍሎፒ አስይዛ ላከችኝ። ሰፈራችን ካለች አንዲት ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ጥግ ላይ ካለው ኮምፒውተር ፊት ተቀመጥኩ። ዴስክቶፑ ላይ ዓሣ ይዋኛል፤ አረፋ ሽቅብ ይወጣል፤ ሣሩ ውኃው ውስጥ ይወዛወዛል። ደስ ሲል!

ደስታዬ የቆየው ፎቶውን እስክከፍት ድረስ ብቻ ነበር። ማሽኑ ስታክ አደረገ። ዓሣው አንዴ ይንፈራገጣል፤ ከዚያ ክንፉን እንደዘረጋ ይደርቃል፤ ደግሞ ይንፈራገጣል። የሒሳብ ቆጣሪው ግን አንድም ጊዜ ስታክ አላደረገም። ልጁን ጠርቼ «ወንድሜ፣ በናትህ ይሄን ዓሣ አጥፋልኝ» ብለው «እንዴ! ደንበኛ የሚስብልኝ እሱ አይደል?» አለኝ። ፎርሙ ሳይላክ ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ፤ በማግስቱ ዓሣ በሌለበት ቤት ሞላሁት። (እህቴ ዲቪው አልደረሳትም፤ እሱ እንኳ የዓሣው ጥፋት አይደለም።)

ከዚያ ቀን ወዲህ የሚንቀሳቀስ ዎልፔፐር ባየሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል፦ ይሄንን ዓሣ የሚቀልበው ማነው? እስኪ ታሪኩን አብረን እንየው። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው ምስል በማሳየት ሳይሆን ስክሪን በማጨለም ነው። የድሮዎቹ ባለ መስታወት ስክሪኖች አንድ ምስል ለረዥም ሰዓት ከቆመባቸው ጥላው እዚያው ታትሞ ይቀር ነበር። በታኅሣሥ 1983 ጆን ሶቻ የሚባል ፕሮግራመር ሶፍቶክ በተባለ መጽሔት ላይ አንድ አጭር ፕሮግራም አወጣ። ሥራው ቀላል ነው፦ ሰው ለሦስት ደቂቃ ካልነካው ስክሪኑን ያጨልመዋል፤ አለቀ። «ስክሪን ሴቨር» የሚባለው ነገር ከዚህ ጀመረ። በ1989 በርክሊ ሲስተምስ «አፍተር ዳርክ» የሚባለውን ለማኪንቶሽ ሲያወጣ ጨለማው በጨዋታ ተሞላ፤ ክንፍ ያወጡ የዳቦ መጥበሻዎች ስክሪኑን አቋርጠው ይበሩ ጀመር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እነዚህ መጥበሻዎች የሚበሩት እናንተ ቡና ልትጠጡ ስትወጡ ነው። ተመልሳችሁ ማውሱን ስትነኩ ይጠፋሉ። ጌጡ የሚኖረው በትርፍ ጊዜያችሁ፣ በኮምፒውተሩ ትርፍ ጉልበት ነው፤ ማንንም አያስርብም። ችግር የሚመጣው ትርፍ ጉልበት በሌለበት ቦታ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ዊንዶውስ ኤንቲ ስክሪኑን በቧንቧ እየጠላለፈ የሚሞላ ባለ ሦስት አውታር ስክሪን ሴቨር ነበረው። ሰው የማይቀመጥበት ሰርቨር ላይ ሲከፈት፣ ማንም የማያየው ቧንቧ የሌሎችን ሥራ የሚያስተናግደውን ፕሮሰሰር ይበላ ነበር። ስለዚህ የሰርቨር አስተዳዳሪዎች «ባዶ ጥቁር ስክሪን ይሻላል» የሚለውን ምክር ለመዱ።

ከዚያ 1997 መጣ። ማይክሮሶፍት ከኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 4 ጋር «አክቲቭ ዴስክቶፕ» የሚባል ነገር አቀረበ፤ በዓመቱም ከዊንዶውስ 98 ጋር ተካቶ ወጣ። ድረ ገጽን ወይም የሚንቀሳቀስ ጂአይኤፍ ምስልን ዎልፔፐር ማድረግ ተቻለ። ጌጡ የሰውን መነሣት መጠበቁ ቀረና እናንተ ስትሠሩ እሱም መሥራት ጀመረ። ዊንዶውስ 98 የሚጠይቀው ዝቅተኛ ራም 16 ሜጋ ባይት ነበር፤ በዚያች ራም ላይ ከእያንዳንዱ ሥራ ጀርባ የብሮውዘር ሞተር ሲሠራ ይውላል ማለት ነው። ብዙ ሰው ኮምፒውተሩ ሲንቀራፈፍበት መጀመሪያ የሚያጠፋው እሱን ነበር። በ2007 ቪስታ ሲወጣ ተሰናበተ።

ለመሆኑ አንድ ዓሣ ምን ያህል ይበላል? በስሌት እንየው። ስፋቱ 1024 በ768 ነጥብ የሆነ ስክሪን፣ ለአንዱ ነጥብ 4 ባይት ቢያዝለት፣ አንድ ሙሉ ምስል 3 ሜጋ ባይት ይሆናል። የቆመ ዎልፔፐር አንዴ ተሥሎ ይቀመጣል። በሰከንድ 30 ጊዜ የሚቀያየር ከሆነ ግን በየሰከንዱ 90 ሜጋ ባይት መሣልና ማጓጓዝ ያስፈልጋል። ለዊንዶውስ ኤክስፒ የተመከረው ራም 128 ሜጋ ባይት እንደነበረ አትርሱ። ለብቻው ግራፊክስ ካርድ የሌለው ማሽን ደግሞ ለምስሉ የሚሆነውን ሜሞሪ የሚወስደው ከዚችው ከራም ነው። ራም እንደ ሥራ ጠረጴዛ ናት፤ ስትሞላ ኮምፒውተሩ ዕቃውን ወደ ጓዳ፣ ማለትም ወደ ሃርድ ዲስክ፣ እያመላለሰ መሥራት ይጀምራል። ያ የሃርድ ዲስክ ኩርትምትም ድምፅ የምልልሱ ድምፅ ነው። ከሁሉ የሚያናድደው ደግሞ ብዙዎቹ የዚያን ጊዜ ፕሮግራሞች ዎርድ ከፍታችሁ ዓሣውን ሙሉ በሙሉ ብትሸፍኑትም መሣላቸውን አያቆሙም ነበር። አታዩትም፤ ግን ትቀልቡታላችሁ!

በዚያው በ2007 ማይክሮሶፍት «ድሪምሲን» የተባለውን አመጣ፤ ቪዲዮን ዎልፔፐር የሚያደርግ ነው። ይሄኛው አብዛኛውን ሸክም ለግራፊክስ ካርድ ስለሚሰጥ ከቀደሙት የተሻለ ነበር። ግን ለማን? የተፈቀደው ቪስታ አልቲሜት ለገዛ ብቻ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ የሙሉው ዋጋ 399 ዶላር ነበር። በ2009 ዊንዶውስ 7 ሲመጣ ድሪምሲን ቀረና ፎቶዎችን በየተራ የሚቀያይር ተራ ስላይድ ተተካ። በዚያው ዓመት የሆነውን ግን አስቡት፦ ለትንንሽ ርካሽ ላፕቶፖች የተዘጋጀው ዊንዶውስ 7 ስታርተር የቆመ ዎልፔፐር እንኳ መቀየር አይፈቅድም ነበር። ፎቶ መቀየር ማሽኑን ስለሚከብድ አይደለም፤ የርካሹን ገዢ ወደ ውዱ ለመግፋት ይመስላል እንጂ። ባለ 399 ዶላሩ ባሕር ሲንቀሳቀስ ያያል፤ ድሃው የልጁን ፎቶ መለጠፍ ተከለከለ።

መፍትሔው የመጣው ከስልክ ነው፤ ባትሪ ምሕረት አያውቅማ። አንድሮይድ 2.1 በጥር 2010 ሕያው ዎልፔፐር ይዞ ሲወጣ፣ ለፕሮግራም ሠሪዎች አንድ ጥብቅ ምክር አብሮት ነበር፦ ዎልፔፐራችሁ ፕሮሰሰር የሚጠቀመው ሲታይ ብቻ ይሁን፤ ሲሸፈን ይቁም። ከ2016 ጀምሮ በስቲም የሚሸጠው «ዎልፔፐር ኤንጂን»ም ሰውየው ጌም ከፍቶ ስክሪኑን ሲሞላ ዎልፔፐሩን ቀጥ ያደርጋል። ክብ ዞረን እነዚያ በራሪ መጥበሻዎች ጋ ተመለስን፦ ሥራ ሲመጣ ጌጥ ገለል ይላል።

እኔ ጌጥ አልጠላም። ዓሣውን ስላየሁ ደስ ብሎኛል፤ አልዋሽም። ችግሩ ዓሣውን የመረጠው ሌላ፣ የከፈለው ሌላ መሆኑ ነበር። ዛሬም ቢሆን አዲስ ማሽን የያዘው ሰው የሠራው ጌጥ፣ አሮጌ ማሽን የያዘው ሰው ላይ ደርሶ ዕዳ ይሆናል። ስለዚህ የሚንቀሳቀስ ዎልፔፐር ስትጭኑ ታስክ ማናጀርን ከፍታችሁ ምን ያህል እንደሚበላ እዩ፤ ሲሸፈን የሚያቆም መሆኑን አረጋግጡ። ኮምፒውተሩ ሌላ ሰው የሚሠራበት ከሆነ ደግሞ ከመጫናችሁ በፊት ያን ሰው ጠይቁት። ምናልባት የእህቱን ዲቪ እየሞላ ይሆናል።

ቸር ያሰንብተን።