የለንደኑ ኑዛዜና የሚላኑ ሐዘን

የእህቴ ልጅ በፋይናንስ ማስተርሷን ለመሥራት አመልክታ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ተቀበሏት፤ የለንደኑ ኤል ኤስ ኢ እና የሚላኑ ቦኮኒ። ቤተሰቡ ለሁለት ተከፍሎ ስለ ደረጃቸው ሲከራከር ሰነበተ። እኔ ዕድሜዬን በባንክ ስለ ጨረስኩ፣ «ጋሼ፣ እርስዎስ የትኛውን ይላሉ?» ተባልኩ። የትኛው እንደሚበልጥ አላውቅም። የሁለቱን አመጣጥ ግን አውቃለሁና እሱኑ አጫወትኳት። (ከአድዋ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሄንሪ ሃንት ሃቺንሰን የሚባል የደርቢ ጠበቃ በ1894 ራሱን አጠፋ። ኑዛዜው ሲከፈት ለፌቢያን ማኅበር ሶሻሊዝም እንዲያስፋፋበት ገንዘብ ትቶ ተገኘ። ከማኅበሩ መሪዎች አንዱ ሲድኒ ዌብ ግን ለምርጫ ቅስቀሳ ከሚውል ትምህርት ቤት ይከፈትበት አለ፤ በ1895 ኤል ኤስ ኢ ሥራ ጀመረ። ዛሬ ተማሪዎቹን የኢንቨስትመንት ባንኮች የሚሻሙበት ቤት በሶሻሊስት ኑዛዜ መቆሙ ሁሌም ያስቀኛል።

ቤቱ በ1920 ገደማ የንግድ ዲግሪ ሲጀምር ከረዱት አንዱ የባንክ ከበርቴው ሰር ኧርነስት ካሰል ነበር። ይህን ሰው የእኛም ታሪክ ያውቀዋል። በ1898 የግብፅን ብሔራዊ ባንክ ካቋቋሙት ዋነኛው እሱ ነው። ያ ባንክ ደግሞ በ1905 ከዳግማዊ ምኒልክ የ50 ዓመት ፈቃድ አግኝቶ፣ በማግሥቱ ዓመት አዲስ አበባ ላይ የአቢሲኒያ ባንክን ከፈተ። ፈቃዱ ግን 50 ዓመት አልሞላውም፤ በ1931 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ባንኩን ገዝተው በቦታው የኢትዮጵያን ባንክ አቋቋሙ።

የሚላኑ ይበልጥ ይነካል። ፈርዲናንዶ ቦኮኒ ሰው ሁሉ ልብሱን በልኩ በሚያሰፋበት ዘመን፣ በ1865 ከወንድሙ ጋር ሆኖ የተሰፋ ልብስ መሸጥ የጀመረ ነጋዴ ነው። ሱቁ አድጎ አድጎ በኋላ ላ ሪናሼንቴ የተባለው ስመ ጥር የገበያ ቤት ሆነ። ልጁ ሉዊጂ ግን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ እንደ ወጣ ቀረ። አባትየው ገንዘቡን ሰጥቶ በ1902 በሟቹ ስም የንግድ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ፤ ሥርዓተ ትምህርቱን ነድፎ የመራው ሊዮፖልዶ ሳባቲኒ ነው። በጣሊያን በኢኮኖሚክስ ዲግሪ የሰጠ የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ ይህ ነው።

ለወራሪ ማዘኔ አይደለም፤ ሉዊጂን አድዋ ድረስ ና ያለው የለም። ነገር ግን ሌላ ባለጸጋ ቢሆን ለልጁ የእምነ በረድ ሐውልት አቁሞ ባበቃ ነበር። እኛ ደግሞ አድዋን ስናነሳ ጦሩንና መድፉን እንጂ፣ ጦርነቱ ሚላን ላይ የሒሳብና የንግድ ትምህርት ቤት መውለዱን አንተርክም።

ታሪኩን ስትሰማ የከፋት እህቴ ናት። «ልጄ አድዋ ላይ በሞተ ጣሊያን ስም ልትመረቅ?» አለች። ልጅቷ ግን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ ስታሰላ ነበር። ለንደን አንድ ዓመት ነው፣ ክፍያው ግን ሙሉ፤ ሚላን ሁለት ዓመት ነው፣ ክፍያውን ግን ትተውላታል። የኪራዩን፣ የምግቡን፣ ሥራ ትታ የምታጣውን የሁለት ዓመት ደመወዝ ደምራ ቀንሳ ወረቀቱን ለእናቷ አቀበለቻት።

«እማዬ፣ አድዋ ላይ ያሸነፍነው እኛ አይደለን? ይክፈሉልኝ እንጂ!»