ጋርኔትን የማንበብ ጥበብ ታሪክ

ፈረንሳዊው ካህንና የማዕድን ሊቅ ረኔ ዡስት አዊ፥ በአብዮቱ ዘመን ካህናት እንዲፈጽሙት የታዘዘውን መሐላ አልምልም በማለታቸው ታስረው የነበሩት፥ ባረፉበት በ1822 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር እጽፋለሁ) ቀይ ጋርኔትና አረንጓዴ ፒሮክሲን የተባሉ ማዕድናት ተዋሕደው የሚገኙበትን ከባድ ድንጋይ ኤክሎጂት ብለው ሰየሙት። የባሕር ወለል ቅርፊት ከጎረቤቱ ቅርፊት ሥር ገብቶ ወደ ምድር ከርሥ እንደሚወርድ፥ በዚያም ባዛልቱ በግፊትና በሙቀት ተለውጦ ኤክሎጂት እንደሚሆን የታወቀው ከመቶ ዓመት በላይ ቈይቶ ስለ ሆነ፥ ካህኑ ስም ያወጡለት ድንጋይ ከምን ያህል ጥልቀት እንደ ተመለሰ ሳያውቁ ዐረፉ።

ምሥጢሩ መገለጥ የጀመረው ሬሞን ካስታን በ1951 በፓሪስ ባቀረቡት የምርምር ጽሑፍ፥ ቀጭን የኤሌክትሮን ጨረር በማዕድን ላይ እያሳረፈ የአንዲትን ነጥብ ንጥረ ነገሮች የሚለይ መሣሪያ ካስተዋወቁ በኋላ ነው። አሜሪካዊው ሊንከን ሆሊስተር በዚህ መሣሪያ የካናዳን ጋርኔቶች መርምረው በ1966 እንደ ገለጹት፥ ማንጋኒዝ በእንብርቱ በዝቶ ወደ ዳር እያነሰ ይሄዳል፤ ቀድሞ ያደገው እንብርት፥ ድግስ ቤት ቀድሞ እንደ ገባ እንግዳ፥ ምርጡን ስለሚወስድ ለኋለኛው የሚተርፈው ጥቂት ነውና። እጅግ በጥቂቱ ብቻ የሚገኙት ይትሪየም፥ ይተርቢየምና ሉቴሺየምም ይህንኑ ሥርዓት ይከተላሉ። ከሉቴሺየም አንደኛው ዓይነት በ37 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ግማሹ ወደ ሃፍኒየም ስለሚለወጥ፥ ጋርኔት የልደቱን ዘመን በራሱ ውስጥ መዝግቦ ይኖራል፤ ሉቴሺየሙ በእንብርቱ ሲከማች ግን የሚነገረው ዘመን ወደ ዕድገቱ መጀመሪያ እንደሚያዘነብል አንባቢ ልብ ይሏል።

የዚህ ንባብ ጥቅም ጎልቶ የታየው በኢጣልያ አልፕስ፥ ዶራ ማይራ በተባለው ተራራማ አገር ነው። ክርስቲያን ሾፓን በ1984 በዚያ ባለ ፈዛዛ ጋርኔት ውስጥ ኮዌሳይት የተባለውን፥ ወደ 100 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ጥልቀት የሚፈጠረውን የኳርትዝ ወንድም አገኙ። ቀድሞ ድንጋዩ ወደዚህ ጥልቀት የወረደው ከ100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው ይባል ነበር፤ ለዚህም ምክንያቱ ዘመን በሚለካበት ሚካ በተባለው ማዕድን ውስጥ የተጠመደ ትርፍ የአርጎን ጋዝ ዘመኑን ማስረጀቱ ነው። በ1997 ግን በሊዮን የሠሩ ሊቃውንት በጋርኔቱ ሉቴሺየምና ሃፍኒየም መዝነው 33 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ስላገኙት፥ የአልፕስ ታሪክ ዳግመኛ መጻፍ ግድ ሆነ።

ክርክሩ ገና አልበረደም። በ2006 በዚያው በአልፕስ የጸርማትን ኤክሎጂቶች የመረመሩ ሰዎች፥ የሉቴሺየም ክምችት በእንብርቱ በጠባቡ ተወስኖ የሚቆመው ንጥረ ነገሩ በድንጋዩ ውስጥ ወደ ጋርኔቱ የሚጓዘው በዝግታ ስለ ሆነ ነው በማለት፥ የሆሊስተር የድግስ ሕግ ብቻውን በቂ አይደለም አሉ። እኔም ወደ እነርሱ አዘነብላለሁ፤ ዳር አካባቢ እንደገና ብቅ የሚሉትን የይትሪየም ቀለበቶች አንደኛው ሕግ ብቻውን አይፈታቸውምና።