ጣና፦ ውኃው የተለካ፣ ዓሣው ያልተቆጠረ

ስለ ጣና ሐይቅ ከመቶ ዓመት ወዲህ የተጻፈውን ውል፣ የተቃውሞ ደብዳቤና የግድብ ጥናት ሁሉ አንድ ላይ ቢከምሩት ታንኳ የሚያሰጥም ይመስለኛል። ያ ሁሉ ወረቀት የሚናገረው ግን ስለ ውኃው ነው፤ ምን ያህል እንደሚፈስ፣ ማን እንደሚገድበው፣ ለማን እንደሚደርስ። በውኃው ውስጥ ስለሚኖረው ዓሣና ዓሣ አስግሮ ስለሚያድረው ሰው የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነው፤ ከጥቂቱም አብዛኛው የባዕዳን ሥራ ነው። የጣና የዓሣ ሀብት ዛሬ የገባበት ችግር ሥሩ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። መንግሥታት ተለዋወጡ፤ ሐይቁን የሚያዩበት ዓይን ግን አልተለወጠም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1902 ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የተፈራረሙት ውል፣ እንግሊዝና የሱዳን መንግሥት ካልተስማሙ በቀር በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ ፍሰቱን የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ የሚያስገድድ ነበር። በ1925 እንግሊዝና ኢጣሊያ ባለቤቱን ሳያማክሩ በጣና ጉዳይ ደብዳቤ ተለዋወጡ፤ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም በማግሥቱ ዓመት ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አሉ። በ1927 ደግሞ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ አሜሪካ ድረስ ተልከው፣ ጄ. ጂ. ዋይት ከተባለው የኒውዮርክ የምሕንድስና ኩባንያ ጋር ስለ ጣና ግድብ ተነጋገሩ። ለሉዓላዊነት የተደረገ የሚያኮራ ትግል ነውና አልነቅፈውም። ይሁን እንጂ በዚያ ሁሉ ክርክር ውስጥ ጣና የውኃ ማጠራቀሚያ እንጂ ሕይወት ያለበት ሐይቅ ሆኖ አልታየም። የሚገርመው፣ ዓሣውን በቡድን መጥቶ ያጠናው ወራሪው መሆኑ ነው። በ1937 በጆቶ ዳይኔሊ የሚመራ የኢጣሊያ የጥናት ቡድን በሐይቁ ላይ ሠራ፤ ስለ ዓሦቹ የተጻፈው ክፍልም በ1940 ታተመ።

ዓሣውን ከማንም አስቀድመው የሚያውቁት ግን ወይጦዎች ነበሩ። ከደንገል ታንኳ እየሠሩ፣ ዓሣ እያሰገሩ፣ ጉማሬ እያደኑ በሐይቁ ዳር የኖሩ ሕዝብ ናቸው፤ ራሳቸውን ነገደ ወይጦ ይላሉ። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ሳይቀር ስለ እነርሱ ጽፏል። ጉማሬ ይበላሉ ተብለው ክርስቲያኑ ተጸየፋቸው፤ እስላም ነን ቢሉም ሙስሊሙ ከልቡ አልተቀበላቸውም። የቀድሞ ቋንቋቸው ጠፍቶ ዛሬ አፋቸውን የሚፈቱት በአማርኛ ነው። ባሕር ዳር እየሰፋች ስትመጣ እነርሱ ከዳርቻው እየተገፉ ሄዱ። የሠሩት ታንኳ ለቱሪስት ፎቶግራፍ ሲያምር፣ የታንኳው ባለቤት ግን በገዛ ሐይቁ ዳር ባይተዋር ሆነ። የደጋው ሰው አስጋሪውን ናቀ፤ የአስጋሪውን ምግብም አብሮ ናቀ። ኢትዮጵያዊ በዓመት የሚበላው ዓሣ በነፍስ ወከፍ ሲሰላ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም፤ የዓለም አማካይ 20 ኪሎ ያህል ነው። ይህን የመሰለ ክፍተት በውኃ እጥረት ብቻ ማሳበብ አይቻልም።

ለመሆኑ በሐይቁ ውስጥ ምን አለ? ባሕር ዳር ገበያ የሚወጣው በዋናነት በሦስት ስም ነው፦ ቀረሶ፣ አምባዛ፣ ነጭ ዓሣ። ታሪኩ ያለው በሦስተኛው ስም ውስጥ ነው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ ከጣና ነጭ ዓሦች የተወሰኑትን ለይቶ የሳይንስ ስም ሰጣቸው። ከእርሱ በኋላ የመጡት ስሙን አበዙት። በ1973 ደግሞ ኪት ባኒስተር የተባለው ተመራማሪ ነጭ ዓሦቹን ጠቅልሎ አንድ ዝርያ ናቸው ብሎ ደመደመ። የገበያው አነጋገር የሳይንስ ማኅተም ተመታበት ማለት ነው! ነገሩ የተስተካከለው በ1990ዎቹ ነው። የኔዘርላንዱ ቫኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ኢትዮጵያዊው ተስፋዬ ውድነህ ከባልደረቦቻቸው አንዱ ሆነው፣ ባደረጉት ጥናት ነጭ ዓሣ የሚባለው 15 የተለያየ ዝርያ መሆኑ ተገለጠ። 40 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ዓሣ ስለሚያግድ፣ እነዚህ ዓሦች በአንድ ሐይቅ ተዘግተው እዚያው ተራብተው ተለያዩ። ስምንቱ ሌላ ዓሣ አድነው ይበላሉ፤ የዚህ ወገን ዓሣ በአፉ ጥርስ የሌለው መሆኑን ስናስብ ነገሩ ያስደንቃል።

ይህ ሁሉ ከመታወቁ በፊት ግን ሞተሩ ደርሶ ነበር። በ1986 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የልማት ኮሚሽን ከአንድ የኔዘርላንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት ጋር ሆኖ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ለጣና አስጋሪዎች አስተዋወቀ። አገሪቱ ከረሃቡ ገና አላገገመችም ነበርና ዓላማው የሚነቀፍ አይደለም። (በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው የሊቃውንት ክርክር ዛሬም አላለቀም፤ ገበያው ግን ፍርዱን ከሰጠ ቆይቷል። ዐቢይ ጾም ሲገባ የዓሣ ዋጋ ሽቅብ ይወጣል።) የደንገል ታንኳ ከዳር ብዙ አይርቅም፤ ሞተሩ ግን የሐይቁን መካከል ከፈተ። በ1987 39 ቶን የነበረው የሞተር ጀልባ አስጋሪዎች ምርት በ1997 360 ቶን ደረሰ። ቁጥሩን በሪፖርት ላይ ያየ ሹም ሁሉ እሰይ ማለቱ አይቀርም።

የማይታየው ነገር ዓሣው የት እንደተያዘ ነበር። ከነጭ ዓሦቹ ቢያንስ ሰባቱ እንቁላላቸውን የሚጥሉት በሐይቁ ውስጥ ሳይሆን በወንዝ ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ድረስ በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭ አፍ ይሰበሰቡና ጠጠር ወዳለበት ንጹሕ ወራጅ ውኃ ሽቅብ ይወጣሉ። ቦታውና ወራቱ የታወቀ ነው፤ መረቡን በወንዙ አፍ የዘረጋ ሰው በአንድ ሌሊት ጀልባውን ይሞላል፤ ከዓሣው ጋር የሚመጣውን ዓመት ዓሣም አብሮ ያወጣል። ቀረሶ ከዚህ ይሻላል፤ ለመራባት ወንዝ አይሻም፤ እናቲቱም እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ትጠብቃለች። ነጭ ዓሣ ይህ መከታ የለውም። በ2004 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው ከ1991 እስከ 2001 ባሉት አሥር ዓመታት ለአካለ መጠን የደረሱት ነጭ ዓሦች ብዛት በ75 በመቶ፣ ታዳጊዎቹ ደግሞ በ90 በመቶ ቀንሰዋል። ታዳጊው ከወላጁ ይበልጥ መመናመኑ፣ የሚተካው ትውልድ እንዳልተወለደ የሚናገር ነው።

መንግሥት አልሰማም ማለት አይቻልም። በ2003 የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ወጣ፤ የአማራ ክልልም በዚያው ዓመት የራሱን አወጣ። ሕጉ አለ። የጎደለው በሐምሌ ጨለማ ጉማራ አፍ ላይ ቆሞ መረብ የሚያነሣ ሰው ነው። ግብርና ቢሮው፣ አካባቢ ጥበቃው፣ ወረዳው፣ ማኅበራቱ ሁሉም ሥልጣን አላቸው፤ ሁሉም ስላላቸው ማንም አይጠየቅም። በኮንትሮባንድ የገባው የስስ ላስቲክ ክር መረብ ርካሽ በመሆኑ ተዛመተ፤ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን የሚሻገረው የደረቀ ዓሣ ንግድም ለአስጋሪው ሌላ ገበያ ከፈተለት። አስጋሪውን ብቻ መውቀስ አይገባም። ዓሣ በውኃ ውስጥ እያለ የማንም አይደለም፤ ዛሬ እርሱ ቢተወው ነገ ጎረቤቱ ያወጣዋል። ከ2023 ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተነሣው ጦርነት ምክንያት የዓሣ ጥበቃ ወሬው እንኳ ከሰው አፍ ጠፋ።

ውኃውን የመለካቱ ሥራ ግን አላቋረጠም። በ1996 የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ የሐይቁን መውጫ ያዘ፤ በ2001 ጢስ ዓባይ ቁጥር 2 ሥራ ጀመረ፤ በ2003 ሐይቁ ክፉኛ ጎድሎ መርከብና ጀልባ ተቸገረ። በ2010 የተመረቀው 460 ሜጋ ዋቱ ጣና በለስ ውኃውን በዋሻ ወደ በለስ ወሰደ። በርብ ወንዝ ላይ ለመስኖ የተሠራው ግድብ ሽቅብ የሚወጣውን ዓሣ መንገድ ቆረጠ። የወንዞቹ አሸዋና ጠጠር በመኪና እየተጫነ ለከተማ ግንባታ ይሄዳል፤ ዓሣው እንቁላሉን የሚጥልበት አልጋ ያ ጠጠር መሆኑን ጫኙም አስጫኙም የሚያስበው አይመስለኝም። በ2011 የታየው እምቦጭ ለጥቂት ዓመታት አገር አቀፍ ዘመቻ አስነሣ፤ ምክንያቱም ከላይ ይታያል፣ በፎቶግራፍም ይወጣል። የዓሣው ማለቅ አይታይም።

አሁን መድኃኒቱ የዓሣ እርባታ ነው ይባላል። በ2022 በአርባ ምንጭ ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት ዓሣን ከወተት፣ ከእንቁላልና ከማር ጋር አስቆጥሮታል። ሐሳቡ ትክክል ነው። በዚሁ ወንዝ ሌላ ጫፍ ያለችው ግብፅ በዓመት ከ1.5 ሚሊዮን ቶን በላይ ዓሣ በኩሬ ታመርታለች፤ ከዚያም አብዛኛው የእኛው ቀረሶ ነው፣ ያው ዝርያ። የጎደለን ዓሣው ሳይሆን ጤነኛ ጫጩት የሚያደርስ ማራቢያ፣ ከኑግ ፋጉሎ የተሻለ መኖና ገበሬውን በየጊዜው የሚጎበኝ ባለሙያ ነው። በባሕር ዳር የዓሣ ምርምር ማዕከል አለ፤ ሰበታም ከ1977 ጀምሮ አለ።

ኩሬ ቆፍሮ ፈጥኖ የሚያድግ ዓሣ ከሌላ አገር ማስመጣት ግን ለጣና ዳርቻ ሌላ ጣጣ ያመጣል። እንደ ጣና ሁሉ በአንድ ሐይቅ ውስጥ የተለያዩ የዚህ ወገን ዓሦች የነበሩበት ሌላው ስመ ጥር ሐይቅ በፊሊፒንስ ያለው ላናኦ ነበር። ከውጭ የመጡ ዓሦች ገቡበት፤ በ2020 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በላናኦና በመውጫው ብቻ ይኖሩ የነበሩ 15 ዝርያዎች ከምድር መጥፋታቸውን አስታወቀ። በእኛም በኩል ፎገራ ሜዳ በየክረምቱ በርብና በጉማራ ሙላት ይጥለቀለቃል። በፎገራ በተቆፈረ ኩሬ ውስጥ የተቀመጠ የባዕድ አገር ዓሣ በመጀመሪያው የነሐሴ ጎርፍ ጣና ይገባል፤ ከገባ በኋላ የሚያወጣው አዋጅ የለም። ስለዚህ በጣና ተፋሰስ ከቀረሶና ከአምባዛ በቀር ሌላ ጫጩት እንዳይከፋፈል ክልሉ በግልጽ ይከልክል፤ ይህን የሚጠብቀው የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነም በስም ይነገረን።