የካርቦን ዳይኦክሳይድ ታሪክ፤ ከቡና ገንዳ እስከ ኤሌክትሮድ

በአጋሮ ዙሪያ በሚገኙት የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች እሸቱ ቡና ተፈልፍሎ በገንዳ ውስጥ ሲያድር፥ በላዩ አረፋ ይታያል። አረፋውን የሚያስነሣው አየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይባላል፤ በጠላና በጠጅ ጋን የሚንተከተከውም ይኸው ነው። የዚህን አየር ታሪክ ለመጻፍ የተነሣነው፥ ሊቃውንት ዛሬ መልሰው ጠቃሚ ነገር ሊያደርጉት ስለሚደክሙ ነው።

አየሩን አስቀድሞ በሚገባ የመረመረው የስኮትላንዱ ሐኪም ጆሴፍ ብላክ ሲሆን፥ ዘመኑም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1750ዎቹ ነበር። እርሱም ከትንፋሻችንና ከሚፈላ መጠጥ የሚወጣው አየር አንድ መሆኑን አሳየ። መጠጡን የሚያፈላው ምን እንደሆነ ግን ሊቃውንቱን ብዙ አከራከረ። ፈረንሳዊው ፓስተር ሕያው እርሾ ከሌለ መፍላት የለም ይል ነበር። በ1897 ግን ጀርመናዊው ኤድዋርድ ቡክነር እርሾውን ከአሸዋ ጋር ፈጭቶ ቢጨምቀው፥ ሕያው ሕዋስ የሌለበት ጭማቂ ስኳሩን ሲያፈላው አገኘ። በጭማቂው ውስጥ ያለው ሠራተኛ ኤንዛይም ነው፤ የቡናውን ልጋግ የሚያላቅቀውም የዚሁ ወገን ነው። ቡክነር በ1907 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

መጠጥ ሲፈላ ስኳሩ ይፈርሳል፤ የፈረሰውን መልሶ መገንባት ግን ኃይል ይጠይቃል። የቡና ቅጠል ይህን ኃይል ከፀሐይ ያገኛል። ሰው በበኩሉ ኤሌክትሪክን ሞከረ። በ1870 ካርቦን ዳይኦክሳይድ በኤሌክትሪክ ወደ ፎርሚክ አሲድ እንደሚለወጥ ተገልጦ ነበር። (የዚህ አሲድ ስም በላቲን ከጉንዳን የወጣ ነው፤ በ1600ዎቹ ጉንዳንን እንደ አረቄ በእሳት አውጥተው አግኝተውታልና።) ነገር ግን በተራ ብረት ኤሌክትሮድ ብዙ ኃይል በከንቱ ይጠፋል።

ስለዚህ ኤንዛይሙንና ኤሌክትሮዱን ማጋባት ታሰበ። በ2008 በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ጁዲ ሂርስትና ባልደረቦቿ፥ ያለ ኦክስጅን ከሚኖር ባክቴሪያ የወጣ፥ ቱንግስተን ያለበት ኤንዛይም በኤሌክትሮድ ላይ አኖሩ። ኤንዛይሙም ኃይል ሳያባክን ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ወደ ፎርሜት፥ ፎርሜቱንም መልሶ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለወጠው። ድካሙ ኤንዛይሙ ቶሎ መበላሸቱ ነው፤ ብረት ዓመታት ሲሠራ እርሱ ብዙ አይቆይም።

ኤሌክትሪኩ ከከሰል ቃጠሎ የመጣ ከሆነ ግን ከሚጠፋው አየር ይልቅ የሚወጣው ይበልጣል። በዚህ ረገድ አገራችን ዕድለኛ ናት፤ በጅማ ዞን ያለው የግልገል ጊቤ ቁጥር 1 ማመንጫ በ1996 ዓ.ም. ሲመረቅ 184 ሜጋ ዋት ከውሃ እንዲያመነጭ ተሠርቷል። ሆኖም በገጠር እናቶች ዛሬም በማገዶ ጢስ ዓይናቸው ይቃጠላል። ኃይሉ አስቀድሞ ለማን ይድረስ ብንባል፥ እኛ የእናቶቻችንን ምድጃ እናስቀድማለን፤ ኤንዛይሙ ለጊዜው በላቦራቶሪ ይቆይ።