እንስሳ ኮቴ

እንስሳ ኮቴ፦ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና፥ በሆለታ ከተማ አቅራቢያ የሚገኝ፥ ከሕገ ወጥ ንግድና ከግፍ እስራት የተረፉ የዱር አራዊት የሚጠለሉበት፥ ጎብኚም በቀጠሮ ገብቶ አያያዛቸውን በአስጎብኚ መሪነት የሚመለከትበት ማእከል ነው። 77 ሄክታር በሚሆነው ምድር ላይ ያረፈውን ይህን ማእከል የሚያስተዳድረው፥ በ1984 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር የተመሠረተው የቦርን ፍሪ ድርጅት የኢትዮጵያ ቅርንጫፍ ነው።

ከነዋሪዎቹ መካከል፥ ከምሥራቅ ኢትዮጵያ በሶማሌ ጠረፍ በኩል ወደ ዐረብ አገሮች ሊሸጋገሩ ሲሉ የተያዙ የአቦሸማኔ ግልገሎችና በግለሰቦች እጅ ታስረው የኖሩ አንበሶች ይገኛሉ፤ ከአንበሶቹም አንዱ፥ ዶሎ የተባለው፥ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ በመኖሩ ጎፈሩ ተመልጦ ነበር።

ጎብኚው በዚህ ስፍራ የሚያየው ትርኢት ሳይሆን የዕለት ተዕለት አገልግሎት ነው። ከአንበሳና ከአቦሸማኔ ጋር የሚሠራ ጠባቂ፥ አስቀድሞ አውሬውን በሥጋ ስቦ ወደ ውስጠኛው ክፍል ያስገባዋል፤ መዝጊያው መቈለፉን ዳግመኛ ካረጋገጠ በኋላ ብቻ ግቢውን ይጠርጋል፥ ውሃውንም ይለውጣል።

መንካትና ማቀፍ ክልክል ነው፤ ምክንያቱም ከሰው ጋር የተላመደ አውሬ ወደ ዱር ቢመለስ ሰውን ሳይፈራ ወደ መንደር ስለሚቀርብ፥ ለራሱም ለሰውም ጠንቅ ይሆናልና። ወደ ተፈጥሮ መኖሪያቸው ሊመለሱ የሚችሉት በጊዜው ይለቀቃሉ፤ በሕፃንነታቸው ከእናታቸው ተነጥለው አደንን ያልተማሩት ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው በዚያው ይጦራሉ።