ሁለቱ ፖስታዎች

ሜሪላንድ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ሲልቨር ስፕሪንግና እዚያ የሚኖረው ያገራችን ሰው ነው። የዚህች ግዛት የመንገድ ሥራ ግን አንድ የአሜሪካ ምክትል ፕሬዝዳንት ከወንበሩ አውርዷል። ኦክቶበር 10 ቀን 1973 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ስፒሮ አግነው ሥልጣኑን ለቀቀ። በዚያው ቀን ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ በ1967 የገቢ ግብር አጭበርብሯል የሚለውን ክስ እንደማይከራከር ተናገረ። 10,000 ዶላር ተቀጣ፤ እስር ቤት ግን አልገባም።

ግብር ያልተከፈለበት ገንዘብ ከየት መጣ?

አግነው በ1967 የሜሪላንድ ገዢ ነበር። የመንገድ ግንባታው በጨረታ ነው የሚሰጠው፦ ኮንትራክተሩ ዋጋውን በታሸገ ፖስታ ያስገባል፣ ፖስታው በግልጽ ይከፈታል፣ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፋል። ዲዛይን የሚሠሩ የምሕንድስና ድርጅቶች ግን ከዋጋ ጨረታ ነፃ ነበሩ። ምክንያቱ መጥፎ አይደለም፤ ድልድይ የሚነድፍ ሰው እንደ ሽንኩርት በርካሽነቱ አይመረጥም። ችግሩ፣ በዋጋ ቦታ ሌላ ግልጽ መመዘኛ አልተተካም። ምርጫው በገዢውና እሱ በሾማቸው ሰዎች እጅ ቀረ።

ዐቃቤ ሕጎች ለፍርድ ቤት ያቀረቡት ሰነድ አሠራሩን ይዘረዝራል። የግዛቱ መንገዶች ኮሚሽን ሊቀ መንበር ሥራው ለማን ሊሰጥ እንደሆነ ለአንድ የአግነው ወዳጅ ቀድሞ ይነግረዋል። ወዳጁ መሐንዲሱ ዘንድ ሄዶ ገንዘቡን ይቀበላል። ግማሹ ለአግነው፣ ቀሪው ለሁለቱ እኩል ይከፈላል። ምክትል ፕሬዝዳንት ከሆነ በኋላ እንኳ፣ ቢሮው ድረስ በፖስታ ጥሬ ገንዘብ እንደወሰደለት ለዐቃቤ ሕግ የተናገረ መሐንዲስ አለ።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያልን ላደግን ይህ ብዙም አይገርምም። የሚገርመው የአግነው መከላከያ ነው። ገንዘቡን መቀበል በግዛቱ የቆየ የፖለቲካ መዋጮ ልማድ ነው፣ ሥራውም ብቃት ለሌለው አልተሰጠም አለ። እሺ፣ እውነት ነው እንበል። ታዲያ ማን ተጎዳ? ብቃት እያለው ፖስታ ያልያዘው መሐንዲስ ተጎዳ። ግብር ከፋዩም ተጎዳ፤ ምክንያቱም ጉቦ የከፈለ ሰው ወጪውን ከሥራው ላይ ማውጣቱ አይቀርም።

በ1974 ሜሪላንድ ሕግ አወጣች፤ የመሐንዲሶችና የአርክቴክቶች ምርጫ ከገዢው እጅ ወጥቶ ወደ መራጭ ቦርድ ሄደ። አንደኛው በር ተዘጋ።

ሁለተኛው በር ጨረታው ራሱ ነበር። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የፌዴራል ዐቃቤ ሕጎች በብዙ ግዛቶች የመንገድ ኮንትራክተሮችን መክሰስ ጀመሩ። ፖስታው በሥርዓቱ ታሽጓል፣ በሰዓቱም ተከፍቷል። ውስጡ ያለው ዋጋ ግን ቀድሞ ተመካክረውበታል። አሸናፊው ይመረጣል፣ ሌሎቹ ሆን ብለው ከሱ የበለጠ ዋጋ ይጽፋሉ፣ በሚቀጥለው ተራቸውን ያገኛሉ። ዕቁብ በሉት፤ ልዩነቱ፣ መዋጮውን የሚከፍለው ዕቁቡ መኖሩን የማያውቅ ሕዝብ ነው። ትኩስ አስፋልት ሳይቀዘቅዝ ሩቅ ስለማይጓዝ በየአካባቢው የሚወዳደሩት ጥቂት ናቸው፤ ለመስማማት አይቸገሩም። በመቶዎች የሚቆጠሩ ድርጅቶችና ሰዎች ተፈረደባቸው። ግዛቶችም የጨረታ ዋጋዎችን በኮምፒውተር እያነጻጸሩ ተደጋጋሚ ተራ መፈለግ ጀመሩ።

የአግነው ገንዘብስ? በጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ የሕግ ተማሪዎች ከፕሮፌሰራቸው ጆን ባንዝሃፍ ጋር ሆነው ይህንኑ ጠየቁ። ለመክሰስ ፈቃደኛ የሆኑ የሜሪላንድ ነዋሪዎች አገኙ። በ1981 ፍርድ ቤቱ አግነው 147,500 ዶላር ከነወለዱ ለግዛቱ እንዲመልስ ወሰነ፤ ድምሩ 248,735 ዶላር ሆነ። በ1983 ከፈለ።