የአሃዝ ባለቤት ማን ነው? የመሬት መዝገብና የቅጂ መብት በምዕራብ ጎጃም



ንግግሬን በራሴ ጥፋት ልጀምር። ከዓመታት በፊት በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ካሉ ቀበሌዎች የመሬት መዝገብ የማሳ ስፋትና የግብር አሃዝ እየገለበጥሁ ወደ ኮምፒዩተር አስገብቼ ነበር። አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ፋይሉን እንዳካፍለው ሲጠይቀኝ «የቅጂ መብቱ የእኔ ነው» ብዬ መለስሁት። ልጁ የጥናት ርዕሱን ለወጠ። እኔ ሕጉን ያነበብሁት ከዚያ በኋላ ነው።

አሃዝ በጎጃም ተራ ነገር ሆኖ አያውቅም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ገበሬው ገማቾቹን አላስጠጋም አለ፤ አመፁም ሞጣንና ብቸናን አልፎ ዳሞትን አዳረሰ። ገበሬው ከግብሩ ባልተናነሰ ልኬቱን ፈርቶ ነበር፤ ቃላድ ከተጣለና ማሳው በመዝገብ ከሰፈረ ርስቱ የሚነጠቅ መስሎት ነበርና። መንግሥት ጦር ቢያዘምትም በመጨረሻ አገረ ገዥውን አነሣ፤ ውዝፉንም ግብር ማረ። በ1990ዎቹ አጋማሽ በአማራ ክልል የይዞታ ምዝገባ ሲጀመር ግን የዚያው ገበሬ ልጆች ማሳቸው የሰፈረበትን ደብተር ተቀበሉ። መዝገብ ቀድሞ የመነጠቂያ ምልክት ነበር፤ አሁን የዋስትና ማስረጃ ሆነ።

ታዲያ በመዝገቡ የሰፈረው ሐቅ የማን ነው? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰት ባለቤትነት የደነገገውን የተካው አዋጅ ቁጥር 410/1996 መልሱን በአንቀጽ 5 ሰጥቶናል፤ ሐሳብ፣ ግኝትና ጥሬ መረጃ በሥራ ውስጥ ተገልጸው ቢገኙ እንኳ ጥበቃ የላቸውም። የመረጃ ስብስብ ጥበቃ የሚያገኘው በአመራረጡ ወይም በአደረጃጀቱ ወጥ ሲሆን ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የፍኖተ ሰላም ከተማ ነዋሪ 25,913 መሆኑን ማንም ሊጽፍ ይችላል፤ ቁጥሩን የሚያብራራውን ጽሑፍ ቃል በቃል ገልብጦ የራሱ ማድረግ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

«ድካሜስ?» የሚል ይኖራል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1991 በስልክ ማውጫ ክርክር የሰጠው መልስ ግልጽ ነው፤ ድካም ብቻውን የቅጂ መብት አይወልድም። የአውሮፓ ኅብረት በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1996 ብዙ ወጪ ለፈሰሰባቸው የመረጃ ቋቶች የ15 ዓመት ልዩ መብት ሰጠ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ መብት በአዋጁ የለም። የእኔ ፋይል መዝገቡን በተራው የገለበጠ ነበር፤ ድካም እንጂ ወጥነት አልነበረውም። ለድካም የሚገባው ምስጋናና ምንጭ መጥቀስ ነው።

ይሁን እንጂ የቅጂ መብት የለበትም ማለት ይበተን ማለት አይደለም። በመዝገቡ የገበሬው ስም፣ የትዳር ጓደኛውና ድንበርተኛው አሉ። እነዚህን የሚጠብቀው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው። ያኔ ልጨነቅለት ይገባኝ የነበረው የገበሬው ምሥጢር ሆኖ ሳለ የተጨነቅሁት ለራሴ ስም ነበር።

ፋይሉን ዘንድሮ የባለይዞታዎቹንና የድንበርተኞቻቸውን ስም አውጥቼ፣ ማሳቸውን የሚጠቁመውንም ሁሉ ሰርዤ ለትምህርት ክፍሉ አስረክቤአለሁ። ማንም ተማሪ ሊጠቀምበት ይችላል፤ ምንጩን ይጥቀስ እንጂ ፈቃዴን አይጠይቅ። ለዚያ ተማሪ ግን ዘግይቷል።